የኋላ ዲፈረንሻልን በግቢ ውስጥ መቀየር፦ ዳገት ላይ ፈጥኖ የሚነሳ ፒካፕ ለሚፈልግ የወሎ አሽከርካሪ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ መኪናን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያደርሰዋል። በደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ያንኑ የሚያህል ድርሻ ያጣል። በዚህ ላይ ኩንታሎች ከተጫኑበት፣ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይደክማል፤ ሁለተኛ ሲገባለት ደግሞ እየጮኸ ይሳባል፤ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም የሚያስችል ፍጥነት የሚያገኘው ክፍት መንገዱ ካለፈ በኋላ ነው። ሞተር መቀየር ውድ ነው። የኋላውን ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የጥርስ ስብስብ) የጥርስ ምጣኔ መቀየር ግን፣ ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ሆኖ በገዛ ግቢው ሊያከናውነው የሚችል ሥራ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጠንካራ የኋላ አክስል ላላቸውና ዲፈረንሻላቸው ከፊት በኩል ተፈትቶ ሙሉውን ለሚወጣ ፒካፖች፣ በተለይም ኮሮናቸው (ትልቁ የዲፈረንሻል ጥርስ) ባለ 8 ኢንች ለሆነው የቶዮታ ሃይሉክስ ሞዴሎች ነው።

የሥራው መሠረት ቀላል ሒሳብ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅም ሻፍት ፒኞን የተባለውን ትንሹን ጥርስ ያዞራል፤ ፒኞኑ ደግሞ ትልቁን ኮሮና ያዞራል። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ካላቸው ምጣኔው 4.10 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ረጅሙ ሻፍት 4.10 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ኮሮናው 41 ሆኖ ፒኞኑ 9 ጥርስ ሲሆን ምጣኔው ወደ 4.556 ከፍ ይላል፤ በእያንዳንዱ ማርሽ ወደ ጎማው የሚደርሰው ጉልበትም በ11 ከመቶ ያድጋል። ሞተሩ አንዲት የፈረስ ጉልበት እንኳ አልተጨመረለትም፤ የተለወጠው ያለውን ጉልበት የሚያወጣበት መንገድ ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀየርለት ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ዋጋው የሚከፈለው ሜዳ ላይ ነው። ዙሪያው 2.2 ሜትር በሆነ ጎማና አንድ ለአንድ በሆነው አራተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በ4.10 ምጣኔ መኪናው በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ4.556 ግን 87 ብቻ ነው። ያንኑ 97 ለመድረስ ሞተሩ ከ3,300 በላይ መዞር ይኖርበታል፤ ይህም ተጨማሪ ድምፅና ተጨማሪ ነዳጅ ማለት ነው። ስለዚህ የዕለት ኑሮው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ በውጫሌ ወይም ከወልድያ ወደ ድልብ በሚወጣው ዳገት ላይ ለሆነ ሰው ለውጡ ይክሰዋል እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቆቦ ሜዳ ለሚመላለስ ወይም በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ለሚወርድ ሰው ግን አልመክረውም። ብዙዎች የሚረሱት አንድ ጥቅም ደግሞ በቁልቁለት ላይ አለ፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ በበለጠ ዙር ስለሚዞር መኪናውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ የፍሬን ሸራውም የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። በእኔ ግምት ለወሎ ሰው ይህ ከፈጣን አነሳስ አያንስም።

መፍቻ ከማንሳት በፊት ድክመቱ ከሌላ ቦታ የመጣ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ ታምቡሩ ላይ ተጣብቆ የቀረ የፍሬን ሸራ ወይም የደከመ የናፍጣ መርጫ ሁሉ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ ዲፈረንሻል መቀየር አንዳቸውንም አያድንም። ጎማውም ይታይ። ለመልክ ሲባል ከፋብሪካው መጠን የገዘፈ ጎማ የተገጠመለት መኪና ምጣኔው ሳይነካ ጉልበቱን አጥቷል፤ ዲያሜትሩ ከ29 ወደ 31 ኢንች ያደገ ጎማ ወደ 7 ከመቶ የሚጠጋ የመሳብ አቅም ይወስዳል። እንዲህ ያለው ባለንብረት ወደ መጀመሪያው የጎማ መጠን ቢመለስ ከሥራው ከግማሽ በላዩን አንድም ቡሎን ሳይፈታ ጨርሷል።

መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎች ምጣኔ እኩል መሆን አለበት፤ የኋላው ብቻ 4.556 ሆኖ የፊቱ 4.10 ቢቀር፣ የፊቱ በተያያዘበት ቅጽበት ሁለቱ አክስሎች በተለያየ ፍጥነት ለመዞር ይታገላሉ። በጭቃ ላይ ጎማው በመንሸራተት ትግሉን ያስተነፍሳል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ትርፉ የተሰበረ ጥርስ፣ ወይም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማከፋፈያ መሰንጠቅ ነው። ክረምት ላይ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው የፊቱን ጎማ እንደሚፈልገው የታወቀ ነውና፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመቀየር የማይችል ከሆነ ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ገለጻ በኋላ ጎማ ብቻ ለሚነዳ መኪና ነው።

አሁን ያለውን ምጣኔ ለማወቅ ፋብሪካው በለጠፈው ሰሌዳ ላይ ያለውን የአክስል ኮድ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን በብዙ እጅ ያለፈ መኪና ሰሌዳው የሚናገረውንና በውስጡ ያለውን ላያመሳስል ይችላል። የማያሳስተው መንገድ መቁጠር ነው። ደልዳላ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹ በፊትም በኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ከኋላ ጎማዎች አንዱ ብቻ በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ በድጋፍ ላይ ይረፍ፤ በጎማውና በረጅሙ ሻፍት ላይ በኖራ ምልክት ይደረግ። አንድ ሰው የተነሣውን ጎማ 20 ሙሉ ዙር ሲያዞር ሌላው የሻፍቱን ዙር ይቁጠር። ሌላኛው ጎማ መሬት ስለያዘ የተነሣው ጎማ ሁለት ጊዜ ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የተቆጠረው የሻፍት ዙር ለ10 ሲካፈል ምጣኔው ይገኛል። 39 ቢሆን 3.909፣ 41 ቢሆን 4.10፣ ከ45 ተኩል ትንሽ ቢያልፍ 4.556 ነው። የተነሣው ጎማ በእጅ አልዞርም ካለ፣ ፍሬኑ አልተለቀቀም፣ አለዚያም ዲፈረንሻሉ መንሸራተትን የሚገድብ ዓይነት ነው።

ተተኪው ሲገዛ ሁለት አማራጭ ይቀርባል፦ ኮሮናና ፒኞን ብቻ፣ ወይም እነሱን በኩሽኔታ አቅፎ የያዘው ሙሉ አካል። ለቤት ሥራ የሚሆነው ሁለተኛው ብቻ ነው። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ሲገጠም የፒኞኑ ጥልቀት በሚሊ ሜትር መቶኛ እየተለካ በቀጭን ሮንዴላ መስተካከል፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተትም ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ውስጥ መገኘት አለበት፤ ለዚህም እንደ ሰዓት ያለ ገጽ ያለው የክፍተት መለኪያ፣ የኩሽኔታ መጫኛና የለመደ እጅ ያስፈልጋል። በግምት የተገጠመ ኮሮና ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ ከተማ ሳይደርስ ማላዘን ይጀምራል፤ ውሎ አድሮም ራሱን ይበላል። ከሌላ መኪና የወጣ፣ ፋብሪካው ያስተካከለው ሙሉ አካል ግን ጥርሶቹ እርስ በርስ ስለተላመዱ እንዳለ ይገባል። አዲስ ጥርስ የሚፈልግ ሰው መሣሪያው ላለው ጋራዥ ሰጥቶ ያስተካክልና የተዘጋጀውን አካል ራሱ ቢገጥም ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው።

ያገለገለ ዲፈረንሻል ሲመረጥ ሻጩ ስለ ምጣኔው የሚናገረው አይበቃም። የኮሮናው ጥርስ ይቆጠር፤ ፒኞኑ ተደብቆ ስለሚገኝ የፊቱ ፍላንጅ (ረጅሙ ሻፍት በቡሎን የሚታሰርበት ክብ ብረት) ላይ ምልክት ተደርጎ ኮሮናው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይታይ፤ አራት ተኩልን ትንሽ ካለፈ የሚፈለገው ነው። ከዚያ የኮሮናው ስፋት፣ የጎማው ሻፍት የሚገባበት የቀጫጭን ጥርስ ብዛት፣ የፍላንጁ ቡሎኖች ርቀትና የመገጣጠሚያው ቀዳዳዎች አቀማመጥ ከነባሩ ጋር አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ። ነባሩን በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ ልኩንም ጽፎ መሄድ ከአዲስ አበባ አስጭኖ የማይገጥም ብረት ከመቀበል ያድናል፤ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነውና መመለሱ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ጥርስ በባትሪ ብርሃን ይፈተሽ፦ ጫፉ የተሸረፈ፣ ፊቱ የተቦረቦረ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ካለ ገዢው ይተወው። ፍላንጁ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ መጫወት የለበትም፤ ሲዞርም እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ስሜት ሊሰጥ አይገባም።

ለሥራው ቦታ መምረጥ ለደሴ ሰው የራሱ ፈተና ነው። በጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ግቢ ሁሉ ተዳፋት ነው፤ ይህን ሥራ ግን በተዳፋት ላይ መሥራት ነፍስን ማስያዝ ነው። የራስ ግቢ ደልዳላ ካልሆነ የዘመድ ወይም የጎረቤት ግቢ ይለመን። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን በመሆኑ፣ እነሱ ከመሬት ከተነሡ በኋላ መኪናውን የሚያቆም ምንም ነገር የለም፤ ማርሽ ውስጥ ማስገባትም ረጅሙ ሻፍት ከተፈታ በኋላ ዋጋ የለውም። የፊት ጎማዎቹ ከሁለቱም በኩል በጠንካራ እንጨት ይታገዱ፤ መኪናው በሻሲው ወይም በአክስሉ ቱቦ ሥር በሁለት የብረት ካቫሌቶዎች ላይ ይረፍ። ድንጋይ ደራርቦ ወይም በክሪክ ብቻ አስደግፎ ሥር መግባት በፍጹም አይፈቀድ። ዲፈረንሻሉ ራሱ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሲወርድና ሲወጣ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። ልጆችም ከአካባቢው ይራቁ።

በቅድሚያ የሚፈታው የዘይት መሙያው ቡሽ ነው፤ ማፍሰሻው በኋላ ይደርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አሮጌው ዘይት ፈስሶ ካለቀ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታም ቢል መኪናው ካለበት አይንቀሳቀስም። ዘይቱ በሰፊ ዕቃ ይጠራቀምና ይታይ፤ የማፍሰሻው ቡሽ ላይ የተለጠፈ እንደ ዱቄት የላመ ብረት የተለመደ ነው፤ ቅርፊት የሚመስል ቁራጭ ግን ነባሩ ዲፈረንሻል ሊሰበር እንደነበር ይናገራል። የፈሰሰው ዘይት በጀሪካን ይቀመጥ። በቦይ ለቅቆ ወደ ቦርከና ወንዝ መላክ ነውር ነው፤ ምስጥ ያስቸገረው ጎረቤት ለአጥር እንጨት ሊወስደው ይችላል።

ጎማዎቹ ከወጡ በኋላ ታምቡሩ ይነሣል። ከዝገት የተነሣ አልወጣም ሲል በመዶሻ መደብደብ አያስፈልግም፤ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት የጥርስ ቀዳዳዎች ልክ የሆኑ ቡሎኖች እኩል እየጠበቁ ሲገቡ ታምቡሩን ራሳቸው ይገፉታል። ከኋላው ባለው የብረት ሰሌዳ ላይ የሚደርሰው የፍሬን ቱቦ ጫፉን በማያበላሽ መፍቻ ይፈታና ቆሻሻ እንዳይገባው ይደፈን፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድም ከውጭ ካለው ፒን ይላቀቅ። ሰሌዳውን ከአክስሉ ቤት ጋር የያዙት አራት ዳዶዎች ሲፈቱ ጎማውን የሚያዞረው የአክስል ሻፍት ከኩሽኔታው፣ ከሰሌዳውና ከፍሬን ሸራው ጋር አንድ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ሻፍቱ ቀጥ ብሎ፣ ክብደቱ በእጅ ተይዞ ካልወጣ ቱቦው ውስጥ ባለው፣ ዘይት እንዳይፈስ በሚያግደው ኦይል ሲል ላይ ይጎተትና ከንፈሩን ይቀደዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዲፈረንሻል ዘይት የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል፤ አሽከርካሪውም ይህን የሚያውቀው በቁልቁለት ላይ ነው። እኔ የምመክረው ሻፍቱ ከወጣ አይቀር ሁለቱንም ኦይል ሲሎች በአዲስ መተካት ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ዋጋቸው የሚቆጠር አይደለም።

ረጅሙ ሻፍት ከመፈታቱ በፊት በእሱና በዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመር። በፋብሪካ ሚዛኑ ተጠብቆ የተገጠመ ነውና በነበረበት አቅጣጫ መመለሱ ንዝረትን ይከላከላል። አራቱ ቡሎኖች ከወጡ በኋላ ሻፍቱ እንዲንጠለጠል አይተው፤ በሽቦ ከሻሲው ጋር ይታሰር።

አሁን ዲፈረንሻሉን የያዙት 10 ዳዶዎች ይቀራሉ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ጫፋቸው ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ሌሎቹ በሙሉ ይውጡ፤ ማሸጊያው በድንገት ሲለቅ ብረቱ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ሥሩ ባለው ሰው ላይ አይወርድም። ካልላቀቀ ከጎን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መዶሻ ይመታ፤ በሁለቱ ፊቶች መካከል ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅ የማያቋርጥ የዘይት ፍሳሽ መጀመሪያ ነው። ክሪኩ በዲፈረንሻሉ ሥር ሚዛን ጠብቆ ከቆመና ረዳቱ ከያዘው በኋላ ሁለቱ ዳዶዎች ይፈቱ፤ አካሉም ወደ ፊት ተስቦ ይውረድ።

ባዶው የአክስል ቤት እንደዚህ ቀን ክፍት ሆኖ ስለማይገኝ በናፍጣ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል፤ በላዩ ያለችው ትንሿ የአየር መተንፈሻም ትፈተሽ። የወሎ መንገድ አቧራና ጭቃ ደፍኗት ከተገኘች፣ ዘይቱ ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ አጥቶ በኦይል ሲሎቹ በኩል ይገፋል። ብዙ ሰው ደጋግሞ ኦይል ሲል እየቀየረ የሚቸገርበት ምክንያት ይቺው መተንፈሻ ናት። የሚጋጠሙት ፊቶች ከአሮጌ ማሸጊያ ፍጹም ጸድተው በጥቂት ቤንዚን በተነከረ ጨርቅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ቅባታቸው ይነሣ። ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ወይም ዘይት የሚችል ሲሊኮን በቀጭኑ ሳይቋረጥ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጠኛ በኩል ይዙር። ሲሊኮን ማብዛት ጥንቃቄ አይደለም፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል።

አዲሱ አካል በክሪክ ተነሥቶ በችንካሮቹ ላይ እኩል ከተቀመጠ በኋላ ዳዶዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ፣ በሁለት ሦስት ዙር ቀስ በቀስ ይጥበቁ፤ የመጨረሻው ጥብቀት ለሞዴሉ በተጻፈው የጥገና መጽሐፍ ልክ በቶርክ መፍቻ ይሁን። ሻፍቶቹ ሲመለሱ የውስጥ ጫፋቸው ጥርሱን እስኪያገኝ በዝግታ እየዞሩ ይገቡ፤ በመዶሻ ማስገደድ አያስፈልግም። ረጅሙ ሻፍት በመስመሩ ይገጠም። ሲሊኮን ከሆነ ሌሊቱን እንዲደርቅ ቢተው ይመረጣል፤ በማግስቱ ደረጃው ጂኤል 5፣ ውፍረቱ 80 ደብሊው 90 የሆነ ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ይጨመር። ይህ የሚሆነው መኪናው ፊትና ኋላው በእኩል ከፍታ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ኋላው ብቻ ተነሥቶ ከተሞላ ልኩ ይዛባል።

የፍሬን ቱቦው ተፈትቶ ነበርና አየሩ ሳይወጣ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ የጎማው የአየር መውጫ ይከፈታል፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል፤ አረፋ የሌለው ንጹሕ ፈሳሽ እስኪመጣ ድረስም ይደጋገማል። መኪናው ከኋላ አክስሉ በላይ በጭነት ክብደት የሚሠራ የፍሬን መቆጣጠሪያ ካለው ከእሱም አየር ይወጣ። ፔዳሉ ከፍ ብሎና ጠንክሮ ካልቆመ ሥራው አላለቀም። የእጅ ፍሬኑም ተስተካክሎ ይሞከር።

የመጀመሪያው ሙከራ መኪናው ገና በካቫሌቶዎቹ ላይ ሳለ፣ የፊት ጎማዎቹ እንደታገዱ፣ ማንም ሥሩ ሳይኖር በአንደኛ ማርሽ ጎማዎቹን በቀስታ ማዞር ነው። ከዚያ በሰፈር ውስጥ ፍሬኑ ይፈተን፤ ቀጥሎ ወደ ሐይቅ ከተማ ያለ ጭነት ደርሶ መመለስ በቂ ነው። ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ፍሬኑ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚሰማ ማላዘን ወይም ነዳጅ ሲለቀቅ ብቻ የሚመጣ ድምፅ የጥርሶቹን አያያዝ ያመለክታል፤ ፍጥነትን ብቻ ተከትሎ የሚያድግ፣ ነዳጁ ቢሰጥም ቢለቀቅም የማይለወጥ ጉርምርምታ ኩሽኔታን ያስጠረጥራል። ማርሽ ሲገባ አንድ ጊዜ ጓ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የረጅሙ ሻፍት ቡሎኖች ይታዩ። ከጉዞው በኋላ የዲፈረንሻሉ ቤት ሞቅ ማለቱ ደንብ ነው፤ እጅ የማያስጠጋ ትኩሳት ግን ዘይት ማነሱን ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ መጥበቁን ስለሚያሳይ መኪናው ይቁም።

በጋራዥ አዲስ ኮሮናና ፒኞን የተገባለት ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነትና ተጎታች ይቅርበት፤ በመጀመሪያው ቀንም ለ20 ደቂቃ ያህል ተነድቶ እስኪቀዘቅዝ ይቁም። 800 ሲሞላ ዘይቱ ይቀየር፤ ከአዲስ ጥርስ የሚረግፈው ብረት ከውስጥ መውጣት አለበትና። ላገለገለ አካልም ቢሆን ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የረጅሙን ሻፍት ቡሎኖችና የጎማዎቹን ዳዶዎች ጥብቀት መልሶ መሞከር ተገቢ ነው።

የፍጥነት ቆጣሪው ኬብል ከካምቢዮው መውጫ ስለሚነሣ ከዚህ በኋላ እውነቱን አይናገርም፤ መኪናው በሰዓት 80 ሲሄድ ቆጣሪው 89 ያህል ያሳያል፤ የኪሎ ሜትር ቆጠራውም በዚያው ልክ ይሮጣል። ካምቢዮው ላይ የኬብሉን ጫፍ የሚያዞረው ትንሹ የፕላስቲክ ጥርስ በጥርስ ብዛት የተለያየ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ለ4.556 በሚስማማው ተተክቶ ይስተካከላል። እስከዚያ ድረስ የዘይት መቀየሪያ ጊዜውንና የነዳጅ ፍጆታውን የሚያሰላ ሰው ቆጣሪው ከጻፈው ላይ 10 ከመቶ ይቀንስ። የወጣው ዲፈረንሻል ጤነኛ ከሆነ በዘይት ተቀብቶ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ መኪናውን የሚገዛው ሰው የቆቦ ሰው ሊሆን ይችላል።